በመርዝ ላይ የተነጠፈ ውብ ፍኖት

በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ከሞንታና ወሰን አቅራቢያ ካለችው ከሙላን ከተማ ተነሥቶ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ ወንዙን ተከትሎና የኮር ዳሌንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ታክኮ፣ ለዋሽንግተን ወሰን እስከምትቀርበው እስከ ፕለመር ድረስ 117 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የብስክሌት መንገድ አለ። የሥነ ፍጥረቱ ውበት ያየውን ሁሉ የሚማርክ ቢሆንም ከውበቱ ይልቅ አፈጣጠሩ ያስደንቃል፤ ብስክሌተኛው በልስላሴው የሚደሰትበት አስፋልት የተነጠፈው ለሽርሽር ብቻ ሳይሆን መርዝ ለመክደን ጭምር ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በዚህ ሸለቆ ብርና እርሳስ በተገኘ ጊዜ፣ ማዕድን ቆፋሪውን ተከትሎ ምድር ባቡር ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አያሌ ዓመታት፣ ማዕድኑ ከአለቱ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ለሐዲዱ መደልደያ እየሆነ፣ ከፉርጎዎቹም የማዕድን ትቢያ እየረገፈ፣ እርሳስና አርሴኒክ ያዘለ አፈር በመሥመሩ ግራና ቀኝ ተከማቸ። ባቡሩ ሥራውን ካቆመ በኋላ ይህን ሁሉ አፈር ዝቆ ማውጣት የማይሞከር ስለ ነበር፣ የዩኒየን ፓስፊክ ኩባንያ፣ የፌዴራሉ መንግሥት፣ የአይዳሆ ግዛትና የአገሩ ባለቤት የሆነው የኮር ዳሌን ነገድ ተስማምተው፣ ከፊሉ እንዲነሣ፣ የቀረውም በአስፋልትና በንጹሕ ጠጠር እንዲሸፈን አደረጉ። መንገዱም በ2004 ለሕዝብ ተከፈተ።

የተተወ ሐዲድ ያለው በዚህ ሸለቆ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ በ1916 ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐዲድ ነበራት፤ መኪና ሲበዛ ብዙው ተነቀለ። በ1983 የወጣ ሕግ ግን የተተወው መሥመር ምናልባት ወደፊት ለባቡር ቢያስፈልግ ሳይበጣጠስ ተጠብቆ፣ እስከዚያው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንዲያገለግል ፈቀደ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይሆንለት፣ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው ያስተካከሉት መንገድ ዛሬ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም የተመቸ ሆኗል።

ከሙላን የሚነሣው የመንገዱ የላይኛው ክፍል በአቅራቢያው ባለው አውራ ጎዳና ጩኸት የታወከ ነው፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ቢዘለው አይቆጨውም። ከካታልዶ እስከ ሃሪሰን ያለው ግን እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ ይበልጣል። በካታልዶ፣ ራቫሊ የተባለው ኢጣልያዊ ኢየሱሳዊ ካህን ንድፉን ሠርቶለት፣ የነገዱ ምእመናን ከ1850 እስከ 1853 እንጨት ፈልጠውና ጭቃ መርገው ያነጹት ቤተ ክርስቲያን በኮረብታው ላይ ይታያል፤ በአይዳሆ ምድር ቆመው ካሉት ሕንጻዎች ሁሉ ጥንታዊው እርሱ ነው። ከዚያ በታች ወንዙ በትናንሽ ሐይቆችና በረግረግ መካከል ሲጓዝ፣ ሙስ የሚባለው፣ በቁመቱ ፈረስን የሚያስከነዳው አውሬ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ አንገቱን እየደፈቀ ቄጠማ ሲያኝክ ይታያል። በዚሁ ረግረግ በፍልሰታቸው ወቅት የሚያርፉ ነጫጭ የውሃ ወፎች፣ ሥር ፍለጋ ጭቃውን ሲቆፍሩ ከምግባቸው ጋር እርሳስ እየዋጡ ይሞታሉ፤ ማዕድኑ ያስከተለው ጥፋት በአስፋልት የተሸፈነው በመንገዱ ላይ እንጂ በውሃው ውስጥ አይደለምና። ከሃሪሰን ወዲያ መንገዱ የሐይቁን ዳርቻ ይዞ ሄዶ፣ ርዝመቱ ከ900 ሜትር በሚበልጠው በቀድሞው የባቡር ድልድይ፣ በቻትኮሌት ላይ፣ ውሃውን ይሻገራል፤ የድልድዩም መካከል ጀልባ በሥሩ እንዲያልፍ ከፍ ተደርጓል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ በየማረፊያው የተለጠፈውን ማስታወቂያ ችላ አይበል፦ ከአስፋልቱ አይውጣ፣ የወንዙን ውሃ አይጠጣ፣ ምግብ ከመቅመሱ በፊት እጁን ይታጠብ። በተለይም ሕፃናትን ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በወንዙ ዳር አፈር እንዳይጫወቱ ዐይኑን ከእነርሱ አይንቀል።