የቸነፈር ስምና ቍጥር፤ ትክክለኛ መዝገብ ለአስተዳደርና ለንግድ ያለው ዋጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ስለ አንድ ሕመምተኛ የተነገረ ቢመስልም፥ ለከተማም ለወደብም የሚሠራ ምክር ነው። ይሁን እንጂ በሽታን መደበቅ ጉዳት እንደሚያመጣ ኹሉ፥ ስሙን ሳያጣሩ በመዝገብ ማስፈርም የራሱ የኾነ ጉዳት አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓመት በማዳጋስካር ደሴት የደረሰው የቸነፈር ወረርሽኝ ለዚህ ነገር ጕልሕ ምስክር ነው።

ቸነፈር ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ተሕዋሱን በ1894 ዓመት አሌክሳንድር የርሲን የተባለው ሐኪም በሆንግ ኮንግ አገኘው፤ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መኾኑን ደግሞ በ1898 ፖል ሉዊ ሲሞን በካራቺ አስረዳ። በዚያው በ1898 ዓመት በሽታው በባሕር መጥቶ በቶአማሲና ወደብ በኩል ወደ ማዳጋስካር ገባ፤ በ1921ም ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ ደረሰ። የታመመው አይጥ በሞተ ጊዜ ቁንጫው ሌላ ደም ፍለጋ ሰውን ይነክሳል። ስለዚህም አይጥ የሚራባበት የእህል መጋዘንና የመርከብ ሆድ ለዚህ በሽታ መተላለፊያ ሲኾኑ ኖረዋል።

በሽታው አንድ ቢኾንም መልኩ ልዩ ልዩ ነው። በብብትና በብሽሽት ንፍፊት የሚያወጣው ዐይነት፥ መድኃኒት ካላገኘ ከመቶ ሕመምተኞች ከ30 እስከ 60 የሚያህሉትን ይገድላል። ወደ ሳምባ የገባው ግን በሳልና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሕክምና ካልደረሰለትም ሰውየውን ከሞት የሚያስጥለው የለም። በጊዜው ለተደረሰበት ሕመምተኛ ግን ፈዋሽ መድኃኒት አለ። እንግዲህ ሐኪሙ «ቸነፈር» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፥ አስተዳዳሪው የትኛውን ጥንቃቄ ማዘዝ እንዳለበት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ችግር ለማቃለል መንግሥታት በጋራ የሚጠቀሙበት የበሽታዎች የቍጥር መዝገብ አለ። መሠረቱን የጣለው ዣክ ቤርቲዮን የተባለው የፓሪስ ሰው ሲኾን፥ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር በ1893 ዓመት በቺካጎ በተደረገው የስታቲስቲክ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ከ1948 ጀምሮ መዝገቡን የሚመራው የዓለም የጤና ድርጅት ነው። በ1990 በጸደቀው በዐሥረኛው እትም የቸነፈር ምድብ «ኤ20» ይባላል። ባለ ንፍፊቱ ኤ20.0፥ የሳምባው ኤ20.2፥ የማጅራት ገትሩ ኤ20.3፥ ደም የመረዘው ኤ20.7፥ ዐይነቱ ያልተለየው ኤ20.9 ተብሎ ይጻፋል። ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በዐሥራ አንደኛው እትም ምድቡ «1ቢ93» ኾኗል። ሐኪሙ በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ፥ ቍጥሩን ያየ ኹሉ አንድ ነገር ይረዳል።

አሁን ወደ ማዳጋስካር እንመለስ። ከነሐሴ 1 ቀን እስከ ኅዳር 26 ቀን 2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በጠቅላላው 2,417 ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ ከነዚህም 209ኙ ሞቱ። ከተመዘገቡት 1,854ቱ የሳምባ፥ 355ቱ የንፍፊት፥ አንዱ የደም ሲኾኑ፥ የ207ቱ ዐይነት አልተለየም። ይህን የሰማ ነጋዴ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከ1,854ቱ በምርመራ የተረጋገጡት 390 ብቻ ነበሩ፤ 618ቱ «ሳይኾን አይቀርም» የተባሉ፥ 846ቱም በጥርጣሬ ብቻ የተመዘገቡ ናቸው።

የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዐሥረኛው እትም መመሪያ መሠረት፥ ሕመምተኛው ተሰናብቶ ሌላ ማብራሪያ ካልተገኘ፥ የመዝገቡ ጸሐፊ የተጠረጠረውን በሽታ እንደ ተረጋገጠ ቈጥሮ ቍጥሩን ይሰጠዋል። ተመርምሮ ነጻ የወጣው ግን «ዜድ03» በተባለው ሌላ ምድብ ይገባል። እንግዲህ ቍጥሩ የበሽታውን ዐይነት ይናገራል እንጂ የማስረጃውን ጽናት አይናገርም። ስለዚህ ከቍጥሩ ጎን «የተረጋገጠ» ወይም «የተጠረጠረ» የሚል ቃል ያልሰፈረበት መዝገብ፥ ሚዛኑ ሳይታይ እንደ ተሸጠ ዕቃ ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደ ኾነ የሲሸልስ ነገር ያስረዳል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከማዳጋስካር የተመለሰ አንድ ሰው የሳምባ ቸነፈር ይዞታል ተብሎ ተጠረጠረ፤ ናሙናው በፓሪስ በፓስተር ተቋም ሲመረመር ግን ከበሽታው ነጻ ኾኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት በጕዞና በንግድ ላይ ዕገዳ እንዳይደረግ ቢመክርም፥ የሲሸልስ አየር መንገድ ወደ ማዳጋስካር የሚያደርገውን በረራ አቋርጦ ነበር። ጥርጣሬ ባለበት መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ጥርጣሬው ሲነሣም ከመዝገብ ፈጥኖ መፋቅ እንዲሁ ተገቢ ነው።

በ1951 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ ቸነፈርን ከኮሌራ፥ ከቢጫ ወባ፥ ከፈንጣጣ፥ ከተስቦና ከግርሻ ጋር መርከብ ከሚያስቆሙት ስድስት በሽታዎች አንዱ አድርጎት ነበር። በ2005 የተሻሻለው ደንብ የሳምባ ቸነፈር በታየ ጊዜ ነገሩ ወዲያው እንዲመዘንና የሚያሰጋ ኾኖ ከተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም የጤና ድርጅት እንዲነገር ያዛል። መርከቦችም ዘመኑ ከስድስት ወር የማይበልጥ የጽዳት ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ይጠይቃል።

ከዚህ የተነሣ ለእያንዳንዱ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው። ነጋዴው መጋዘኑን ከአይጥ ይጠብቅ፤ የሞቱ አይጦች በርክተው ባየ ጊዜም ገበያ እንዳይጎዳበት ብሎ ዝም አይበል፥ የአይጦች ሞት የሰው ሞት መልእክተኛ ሊኾን ይችላልና። አስተዳዳሪው ደግሞ ለመርማሪው ቤትና ለመዝገቡ ጸሐፊ በጀት ሲመድብ እንደ ትርፍ ወጪ አይቍጠረው። አንዲት ቍጥር በስሕተት ብትጻፍ ጤነኛውን ወደብ ታዘጋለች፤ ሳትጻፍ ብትቀርም የታመመውን ወደብ ክፍት ታስቀራለች።