ጭነቱ ነፍስ ሲኖረው፦ የከብት መኪና በቁልቁለትና በግንባታ ላይ ባለ መንገድ

ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ከቡርዖ ገበያ ወደ በርበራ ወደብ የሚወርደው የበግ፣ የፍየልና የግመል ጭነት ይበዛል። መርከቡ የሚነሳበት ቀን የታወቀ ስለሆነ ነጋዴው ሾፌሩን፣ ሾፌሩም መኪናውን ያጣድፋል። በመካከል ግን የሼኽ ቁልቁለት አለ፤ ከ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሜዳ የሚወርድ መንገድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አደጋ ሲደርስ ጥፋቱ በሾፌሩ ይላከካል። ስንት ከብት እንደሚጫን፣ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሳና መቼ መድረስ እንዳለበት የሚወስነው ግን ነጋዴው ነው።

ሲሚንቶ የጫነ መኪናና ከብት የጫነ መኪና እኩል ቢመዝኑም አነዳዳቸው አንድ አይደለም። ሲሚንቶ በታሰረበት ይቆያል። ከብት ቆሞ ነው የሚጓዘው፤ ይደነግጣል፣ ይገፋፋል። አንድ በሬ 300 ኪሎ ቢመዝን 16 በሬ 4,800 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት ከመኪናው ወለል ከፍ ብሎ በእግሮቹ ላይ ቆሟል ማለት ነው። መሪው በድንገት ሲዞር በሬዎቹ በአንድነት ወደ ውጪኛው ጎን ይደገፋሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይወድቃሉ፤ የወደቀውን ሌሎቹ ይረግጡታል።

አንዳንድ ነጋዴ “ተጠጋግተው ከቆሙ አይወድቁም” ብሎ መኪናውን ያጨናንቃል። እውነታው ሌላ ነው። በተጨናነቀ መኪና ውስጥ አንዴ የወደቀ ከብት መነሻ ቦታ አያገኝም፣ ረዳቱም ሊደርስለት አይችልም። ቦታው ሰፍቶ ሲቀርም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ ስለዚህ ጭነቱ ካልሞላ በጠንካራ እንጨት መከፋፈል ይሻላል። ወለሉ በሽንት ስለሚያንሸራትት አሸዋ ወይም ገለባ ይነጠፍበታል። ጥጆች ከትልልቅ በሬዎች ጋር አይቀላቀሉም። ግመል ጉልበቱ ታስሮ በርከክ ብሎ ስለሚጫን ለመኪናው ሚዛን ይመቻል፤ ገመዱ እግሩን እንዳያደነዝዘው ግን በየዕረፍቱ መታየት አለበት።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መውረድ የሞት ጨዋታ ነው። ከባድ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ይወርዳል። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መቆየት ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ደልዳላ ቦታ ፈልጎ መቆም እንጂ “ትንሽ ነው የቀረን” ማለት አይሠራም።

በግንባታ ላይ ያለ መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። አስፋልቱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልቅና ጠጠር ይጀምራል። ግማሹን መንገድ የገረጋንቲ ክምር ይይዘዋል፤ የአዲሱ አስፋልት ጠርዝ ከአፈሩ ከፍ ስለሚል አንድ ጎማ ከወረደ መኪናው ያጋድላል። አቧራውን ለማብረድ በውኃ ቦቴ የረጠበ ተለዋጭ መንገድም ያንሸራትታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ በ40 ደግሞ 11 ሜትር። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ ሩብ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው የመጀመሪያው ምልክት እንደታየ፣ ቀስ በቀስ ነው፤ ጠጠሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ፍሬን መርገጥ ከብቱን ይጥላል፣ መኪናውንም ያንሸራትታል።

ከብቱ በቀትር ሙቀት እንዳይጎዳ በሌሊት መጓዝ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም አሳማኝ ነው። ይሁንና ግንባታ ያለበትንና ገደላማውን ክፍል በብርሃን፣ በተለይም በማለዳ፣ ሜዳውን በቀዝቃዛው ሰዓት ለማለፍ የመነሻውን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ጫት እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ድካምን አያስቀርም፤ ለረጅም ጉዞ ሁለተኛ ሾፌር መያዝ ከአንድ በሬ ዋጋ አይበልጥም።

በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገሩ ደግሞ የመንገዱ ጎን ይቀየርባቸዋል፤ በኢትዮጵያ በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በድንበሩ ላይ ሳይሆን ሾፌሩ አረፍ ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ በባዶ መንገድ እንደገና ሲነሳ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ፍጥነት ጨምሯል፤ ግመልና ፍየል ግን አሁንም እንደ ድሮው መንገዱን ያቋርጣሉ።

መኪና ሲበላሽ ቅጠልና ድንጋይ ከኋላ መደርደር ያለ ነው። ድንጋዩን ሳያነሱ መሄድ ግን ማታ ለሚመጣው ወገን ወጥመድ መተው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ውሉ ነው። “ከጎህ በፊት ከደረስክ ጉርሻ አለህ” የተባለ ሾፌር የግንባታውን ምልክት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጉርሻው በቁሙ፣ ሳይሰበርና ሳይረገጥ በደረሰው ከብት ቁጥር ሲታሰብ፣ ያው ሾፌር በየዕረፍቱ ወርዶ በስፖንዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማየት ይጀምራል።