ቤተ መጻሕፍት ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው። በተለይ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለምትኖሩ፣ በጀሞም፣ በለቡም፣ በሐና ማርያምም፣ በመካኒሳም ላላችሁ ነው። የሰፈራችሁ ስም ራሱ ለዛሬው ነገር ይስማማል። ንፋስ ስልክ የተባለው ሽቦ ሳይዘረጋ በነፋስ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ የተነሣ ነው ይባላል። እናንተም በነፋስ የሰማችሁትን ቃል አሁን በወረቀት ላይ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ፊደል ይረሳል ወይ?

ማንበብ የቻለ ሰው ተመልሶ ሊረሳ ይችላል? አዎን፣ ይችላል። ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። ያልተነበበ ፊደልም እንዲሁ ነው።

በአገራችን ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ነበር። ተማሪዎችና መምህራን በየከተማውና በየገጠሩ ተሰማርተው ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠሩ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

ሆኖም ያን ጊዜ ከተማሩት ውስጥ ኋላ የረሱት ብዙ ናቸው። ሰነፎች ስለነበሩ ነው? አይደለም። ከትምህርቱ በኋላ የሚነበብ ነገር ስላጡ ነው። በየቦታው የንባብ ክፍሎች የተከፈቱትም ይህ እንዳይደርስ ታስቦ ነበር። መጽሐፍ ያልደረሰው ሰው ግን የምስክር ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ቀረለት፤ ፊደሉ ጠፋበት።

ፊደል የጠፋበት ሰው ደግሞ ውል ሲፈርም የሰው ዓይን ይለምናል። የመድኃኒቱን ወረቀት ጎረቤት ያነብለታል። እናንተ በስንት ድካም ያገኛችሁትን ነገር እንዲህ እንዳትነጠቁ ቤተ መጻሕፍት ያስፈልጋችኋል።

ቤተ መጻሕፍት ምንድር ነው?

ቤተ መጻሕፍት ማለት የመጻሕፍት ቤት ማለት ነው። የሕዝብ ከሆነ ደግሞ የሁላችሁም ቤት ነው። በአዲስ አበባ ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። በአንድ ጊዜ ከ2000 በላይ ሰው ተቀምጦ ሊያነብበት ይችላል።

«እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ እዚያ ገብቼ ምን እሆናለሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ማፈር አያስፈልግም። በሩ ላይ መታወቂያ ቢጠየቅ አሳዩ፤ ቦርሳ አስቀምጡ ከተባለ አስቀምጡ። ከዚያ ለሠራተኛው «ማንበብ ገና እየለመድኩ ነው። አጠር ያለ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ መጽሐፍ ስጡኝ» በሉ። የልጆች መጽሐፍ ቢሰጣችሁ አትናቁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መንገዱ ቢርቅስ?

ከጀሞ አራት ኪሎ ድረስ ታክሲ ለዋውጦ መሄድ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ቀኑን ሙሉ ጉሊት የምትውል እናት፣ ወይም ሕንፃ ሥራ ላይ የሚውል አባት በየቀኑ ሊሄዱ አይችሉም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ወደ መጽሐፉ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ሰው ይምጣ።

ይህ ሕልም አይደለም፤ በአገራችን ተሠርቶ ታይቷል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። እዚያ የብዙ አገር ልጆች በየቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ አላቸው። በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ግን አጡ። ነገሩ ቢቆጫቸው ወደ አገራቸው ተመለሱና በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቆይቶም በሐዋሳ አህያ የሚስበው ጋሪ መጻሕፍት ተደርድሮበት ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። ጋሪው ይቆማል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ መጽሐፍ ይታደላል፤ ንባብ ይጀመራል። አህያ እህልና ውኃ ብቻ ሳይሆን እውቀትም ትሸከማለች ማለት ነው።

ማስታወቂያ ማንበብ

ቤተ መጻሕፍት የተረት ቀን፣ የመጽሐፍ ውይይትና የንባብ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ጥሪው በሩ ላይ ይለጠፋል። ማንበብን ለመለማመድ የሚከተለውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

«ማስታወቂያ። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተረት ይነገራል፤ መጽሐፍም ይነበባል። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ተጋብዛችኋል። መግቢያ በነጻ ነው።»

ማስታወቂያ ስታነቡ አምስት ነገር ፈልጉ። ምን ይደረጋል? መቼ? የት? ማን ተጠራ? ክፍያ አለው ወይስ የለውም? አምስቱን ካገኛችሁ ማንንም ሳትጠይቁ ትሄዳላችሁ።

በየዓመቱ የማይቀሩ ሁለት ቀኖችም አሉ። ጳጉሜን 3 የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ነው። ሚያዝያ 15 የዓለም የመጽሐፍ ቀን ነው። በወረዳችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ባለው ቤተ መጻሕፍት አስቀድማችሁ «ለዚህ ቀን ምን አዘጋጃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝግጅት ከሌለ እንዲዘጋጅ ጠይቁ። የሕዝብ ቤት ነው ብለን የለም እንዴ!

የሣጥን ቤተ መጻሕፍት

በአቅራቢያችሁ ምንም ከሌለስ? ከዕድራችሁ ጀምሩ። የዕድር ቤት ብዙውን ቀን ተዘግቶ ይውላል። እንዲህ አድርጉ።

1. አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ ተነጋገሩ። የዕድሩን ሹሞች አስፈቅዱ።

2. የሚቆለፍ ሣጥን አግኙ። ሁሉም ከቤቱ አንድ አንድ መጽሐፍ ያምጣ። ልጆቻችሁ ተምረው የጨረሱት መጽሐፍም ይሆናል።

3. አንድ ደብተር አስምሩ። የመጽሐፉ ስም፣ የወሳጁ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን ይጻፍ። አዲስ አንባቢ ራሱ ይጻፍ፤ እሱም ትምህርት ነው።

4. በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ። በዚያ ቀን አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ፤ ከዚያ ተለዋወጡ።

ሣጥኗ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ገጽ እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ፊደሉ በእጃችሁ ነው። አሁን የሚቀረው እንዳይለቃችሁ መያዝ ነው። ዛሬ አንድ ገጽ፣ ነገም አንድ ገጽ አንብቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የተማረ ሰው ፊደል የሚረሳው ለምንድር ነው?

2. ማስታወቂያ ስናነብ የምንፈልጋቸው አምስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?

3. ለእናንተ በእግር የሚቀርበው የንባብ ቦታ የት ነው? ከሌለ፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ወደ ሣጥኑ የሚያመጣው ማን ነው?