ከኳስ ምን እንጀራ ይገኛል?

በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ ብላቴኖች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየሜዳው ኳስ ሲያባርሩ እናያለን። ወላጆችም «ከኳስ ምን እንጀራ ይገኛል?» እያሉ ሲቆጡ እንሰማለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት ልንፈልገው አሰብን።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ. ም. በአሥመራ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ አባት ተወለደ። አባቱ ስላላሳደገው የኑሮው ሸክም በእናቱ ላይ ወደቀ፤ ክልስ በመሆኑም ብዙ ንቀት ደረሰበት። ስለዚህ ገና በወጣትነቱ የመካኒክነትን ሙያ ይዞ እየሠራ ኳስ ይጫወት ነበር። በኋላ ስለ ሕይወቱ በኢጣልያንኛ ለጻፈው መጽሐፍ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸው» የሚል ስም መስጠቱ፣ የልፋቱ ሁሉ ምክንያት ማን እንደ ነበረች ያስረዳናል።

ስፍራው ከሜዳው መካከል ነበረ። የመካከል ተጫዋች ከኋላ የመጣለትን ኳስ ተቀብሎ ለፊተኞቹ የሚያከፋፍል፣ የጓደኞቹን ድካም የሚሸፍን ነው፤ ሉቺያኖ ግን ከዚህ አልፎ ግብ በማግባትም የታወቀ ነበረ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን አምበል እርሱ ነበረ። የእናቱ ልጅ ኢታሎም አብሮት ተሰለፈ። ግብፅ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ፣ ሁለት ጊዜ ብትቀድምም የኛዎቹ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በጭማሪው ሰዓትም 4 ለ2 አሸነፉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። አባት ያላሳደገው ልጅ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ ሀገሩ ሆኖ ዋንጫ ተቀበለ።

ነገር ግን ክብር ብቻውን ሰውን አያኖርም። ደርግ ከነገሠ በኋላ፣ በ1970 ዓ. ም. ገደማ፣ ሉቺያኖ ሀገሩን ጥሎ ወደ ኢጣልያ ተሰደደ። ዋንጫው አብሮት አልሄደም፤ የእጁ ሙያ ግን አብሮት ተሻገረ፤ በባዕድ ሀገር የተዳደረውም በዚሁ በመካኒክነቱ ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ. ም. በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ኳስ ለልጃችሁ የጤናና የወዳጅነት ትምህርት ቤት ነውና አትከልክሉት። ነገር ግን የሚተዳደርበትን ሙያም አብራችሁ አስተምሩት። ኳሱ ያስከብረው ይሆናል፤ ክብሩ ባለፈ ቀን የሚያኖረው ሙያው ነው።