ሆዱ የሚከዳው ተጨዋች ምን ይብላ?

እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው የለንደን ማራቶን እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ውድድሩን እየመራች ሳለ ሆዷ አላስኬድ አላት። ካሜራ እየተከተላት ከአስፋልቱ ጥግ ቁጢጥ ብላ ተገላገለች፤ ተነስታም 2፡17፡42 በሆነ ሰዓት አሸነፈች። የእሷ የአንድ ቀን ችግር ነበር። በየሳምንቱ ሆዱ የሚከዳው ስፖርተኛ ግን አለ፤ ይህን ለአሰልጣኝ መናገር ደግሞ ያሳፍራል።

ሐኪሞች አይ.ቢ.ኤስ ይሉታል፤ «ቁጡ አንጀት» ቢባል ያስኬዳል። ሆድ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ይለቃል። በሴቶች ላይ ይበዛል። በእኛ አገር ሆድ የታመመ ሁሉ ወይ «ጨጓራ» ወይ «አሜባ» ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከፋርማሲ በግምት ይገዛል። አሜባና ጃርዲያ በሰገራ ምርመራ የሚለዩ ናቸው፤ መጀመሪያ እሱን ማጣራት ነው። ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ነገሩ ቁጡ አንጀት ላይሆን ይችላልና ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሆድህ ከደረቀ ፋይበር ብላ» ይባላል፤ የትኛውን? ፋይበር ወይም አሰር ሁለት ዓይነት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውና የሚለጠልጠው አንጀትን ያለሰልሳል፤ አጃና ተልባ ውስጥ እንዲህ ያለ አሰር አለ። የማይሟሟው፣ ለምሳሌ የስንዴ ፉርሽካ፣ ቁጡ አንጀት ያለበትን ሰው ይበልጥ ሊነፋው ይችላል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የመከረው የሚሟሟውን ነው። ተልባ በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከብዙ ውሃ ጋር፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይሞከራል።

ወደ ዲላ እንምጣ። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን አንድ ላይ አብቅሎ የሚኖርበት መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያው እንሰት ሁለት የተለያዩ ምግቦች ይወጣሉ። ቡላ ተጨምቆ የሚጠል ዱቄት ስለሆነ አሰሩ ትንሽ ነው፤ ቆጮ ግን አሰር አለው። ስለዚህ ቆጮው ከጎመን ጋር ለልምምድ ቀናት፣ የቡላ ገንፎ ደግሞ ለጨዋታ ቀን ማለዳ ቢሆን ስሜት ይሰጣል። ቦሎቄ፣ ሽሮ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አንጀት ውስጥ የሚብላላ ስኳር ስላላቸው ጋዝ ያበዛሉ፤ ለዘለዓለም ይቅሩ ሳይሆን ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን ይቀንሱ። ፓፓያ ብዙም አያስቸግርም።

አስቸጋሪው ቡናው ነው! የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ለዚህ ሕመም ሻይና ቡና በቀን ከ3 ስኒ እንዳያልፍ ይላል። ይርጋጨፌ በሚፈላበት አገር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተባለ የቀኑ ኮታ አለቀ ማለት ነው። የፈረንጁ ስኒ ከእኛው ሲኒ ይተልቃል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም ቡና አንጀትን እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነው።

በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተውን ጌዴኦ ዲላን የመሰለ ቡድን ሐዋሳ ለመጫወት ወደ 90 ኪሎ ሜትር በአውቶብስ ይጓዛል፤ አዲስ አበባ ከሆነ ወደ 360። መንገድ ላይ ሆዷን የፈራች ተጨዋች ሳትበላና ሳትጠጣ ትወጣለች፤ በሁለተኛው አጋማሽ እግሯ የሚዝለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በልምምድ ሳምንት የበላችውንና ሆዷ የመለሰላትን በማስታወሻ ብትይዝ የሚስማማትን ታውቃለች። በጨዋታ ዕለት አዲስ ምግብ አይሞከርም።