ሁለት ምጣድ በረዶ

በዋግ ኽምራ ስለ አየር ንብረት ሲወራ ዋልታን የሚያነሳ አይገኝም። ወሬው ስለ ክረምቱ ነው፤ ገባ ወይስ ዘገየ፣ ለማሽላው ይበቃል ወይስ ነሐሴ ላይ ያቋርጣል። የ1977ን ድርቅ ያየ አገር ሌላ ምን ያውራ? የዋልታውን ቁጥር ግን ሰቆጣ አምጥተን እንየው።

አንታርክቲካን የሸፈነው በረዶ በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ከባሕር ጠለል ጀምሮ ቢቆለል ሰቆጣ ከተማን ሊያክል ትንሽ ይቀረዋል። እጅግ የወፈረበት ቦታ ከ4,700 ሜትር ስለሚያልፍ ከተከዜ ማዶ ያለውን ራስ ዳሽንን እንኳ ጫፉ ድረስ ይውጠዋል። ያ ሁሉ በረዶ ኢትዮጵያ ላይ ብቻ ቢነጠፍ ደግሞ ውፍረቱ 24 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ እጥፍ!

አንታርክቲካና ግሪንላንድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ በአማካይ 400 ቢሊዮን ቶን ገደማ በረዶ እንዳጡ የሳተላይት ልኬት ያሳያል። የዋጎቹ የአበርገሌና የዝቋላ ወረዳ ወጣቶች መረብ የሚጥሉበት የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ነው። በየስምንት ቀኑ ገደማ አንድ ሙሉ ተከዜ ወደ ባሕር ይገባል ማለት ነው። ጣናን የሚያህል ውኃ ደግሞ በየወሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ትንሹ ቁጥር ነው። ዲርክ ኖትስና ጁሊየን ስትሮቭ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲለቀቅ፣ በሰሜን ዋልታ በበጋው ማብቂያ ከሚተርፈው ተንሳፋፊ የባሕር በረዶ 3 ሜትር ካሬ እንደሚጠፋ አስልተዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከሲሚንቶ በዓመት የሚደርስበት ጭስ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አንድ አሜሪካዊ ግን 15 ቶን ገደማ። የእኛን ሰው ድርሻ በእንጀራ ምጣድ ብንለካው ሁለት ምጣድ አይሞላም፤ የአሜሪካዊው ከ150 ምጣድ ይበልጣል። መኪናም ፋብሪካም የሌለው የዝቋላ ገበሬ ድርሻ ከሁለቱ ምጣድ ስንቱን እንደሚሸፍን አንባቢ ይገምተው።

በ2027 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የዋግን ገበሬ መድረኩ ላይ አቁሙት፤ ለመስኖ ገንዘብ ሲጠይቅም እንደ ምጽዋት ለማኝ አትዩት።