የት? እስከ መቼ?

ዳግማዊ ምኒልክ መስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ ትምህርት ቤት ያልተማረው የለም። ወኔው ትዝ ይለናል፤ አሠራሩን ግን ብዙም ልብ አንለውም። አዋጁ ለሸዋ ሰው ቦታና ቀን ቆርጦ ነበር የነገረው፤ መክተቻህ ወረኢሉ፣ ቀንህ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። በዚያ ዘመን አዋጅ የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ነው። ገበያተኛው ጨዉን ጭኖ ሲመለስ ወሬውንም ይዞ ይገባል፤ “የት ነው የሚከተተው?” ላለው መልስ አለው፣ “እስከ መቼ?” ላለውም አለው።

የዛሬው የወረኢሉ ነጋዴ ነጋሪት የለውም፤ ስልክ አለው። ስልኩ ውስጥ ደግሞ አንዲት ገጽ አለች። የማያውቀው ሰው ይመለከታታል፣ እሱ ራሱ ግን ከፍቷት አያውቅም። ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው እሷን ነው።

አንድ ጊዜ ጥር መግቢያ ላይ ለሥራ ወደ ወረኢሉ ስሄድ፣ ደሴ ቁርሴን እየበላሁ ጎግል ካርታ ላይ “ወረኢሉ አልጋ” ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሆቴል መጣልኝ። ከፎቶዎቹ መሀል አንዱ ላይ በቀይ ፊደል “የመስቀልን በዓል ምክንያት በማድረግ አልጋ በ20 በመቶ ቅናሽ” ይላል። ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ቢሆንም ሄድኩ። ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አየና ሳቀ። “ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ እኔ ሳልቀጠር ነው! ስልኩም ተቀይሯል።” መስቀሉ የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ እሱም አላወቀም።

ገጿ በጎግል አጠራር ቢዝነስ ፕሮፋይል ትባላለች። ኩባንያው በ2014 እ.ኤ.አ. ጎግል ማይ ቢዝነስ ብሎ አወጣት፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በ2021 ነው። የድርጅቱን ስም፣ ቦታ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓትና ፎቶ ትይዛለች። ክፍያ የላትም፤ “ከጎግል ነኝ፣ ለምዝገባው ይህን ያህል ይክፈሉ” ብሎ የሚደውል ካጋጠመ ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ባለቤቱ በላይዋ ላይ አጫጭር መልእክት መለጠፍ ይችላል። መልእክቱ ተራ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ዕቃ ገባ፣ ቤት ቀየርን። ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ቅናሽም ሊሆን ይችላል። ዝግጅትና ቅናሽ ከሆነ ግን የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ሳይሞሉ አያልፍም። ተራው ወሬ ስድስት ወር ሲሞላው ከፊት ይነሣል፤ ቅናሹ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይወርዳል።

ያረፍኩበት ሆቴል ቅናሹን በዚህ በኩል ቢለጥፍ ኖሮ የመስቀል ሰሞን ሲያልፍ አብሮ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ፖስተር አሠርቶ ከሌሎቹ ፎቶዎች ጋር ከተተው። ፎቶ ደግሞ ማብቂያ ቀን የለውም፤ ሰው ካላነሣው አይነሣም። አብዛኛው ያረጀ ማስታወቂያ እንዲህ ነው የሚቀረው፣ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ የአምና የሙዚቃ ኮንሰርት ወረቀት።

“እኛ እኮ ቴሌግራም አለን” የሚል ነጋዴ ይኖራል። አለው፤ ብዙው የአገራችን የኦንላይን ገበያም እዚያና ፌስቡክ ላይ ነው፣ አሁን አሁን ቲክቶክ ላይም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቴሌግራም ቻናል የሚናገረው አስቀድሞ ለገባው ሰው ነው፤ ማለትም ሱቁን ለሚያውቅ፣ ወይ ከሚያውቅ ለሰማ። የካርታው ገጽ የምትናገረው ፈልጎ ለመጣ ሰው ነው። ይህ ሰው የሱቁን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከደሴ ለፊልድ የወጣ ባለሙያ ነው፤ መኪናው ጃማ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ለእናቱ ተዝካር ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ጎረቤትማ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ባለሱቁ ዛሬ ለምን እንዳልከፈተ ከባለሱቁ ቀድሞ ያውቃል።

ብዙዎቹ ልጥፎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ለጎረቤት ይጻፋሉ። “ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደተለመደው በጥራትና በታማኝነት ልናገለግላችሁ ዝግጁ ነን፤ ፈጥነው ይምጡ!” እንግዳው ከዚህ ምን ይወስዳል? “እንደተለመደው” የሚለው ቃል ራሱ እሱን አያውቀውም። በዚያ ላይ ልጥፉ እስከ 1,500 ሆሄያት ቢፈቅድም መጀመሪያ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ ሰላምታው ቦታውን ጨርሶት ቁም ነገሩ ተደብቆ ይቀራል። አንድ ልብስ ሰፊ እንዲህ ቢል ግን፦ “የጥምቀት የሐበሻ ልብስ ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ከዚያ በኋላ ያዘዘ ከበዓሉ በኋላ ይረከባል።” ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሁለተኛዋ ደንበኛ የምታባርር ትመስላለች፤ እኔ ብሆን ግን ልብሴን ለዚህ ሰው እሰጣለሁ። ስልክ ቁጥር ከጽሑፉ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፣ ልጥፉን ሊያሳግድ ይችላል፤ ለመደወያ የተለየ ቁልፍ ተዘጋጅቷል። ዓመቱን ሙሉ “ታላቅ ቅናሽ” ብሎ የሚለጥፈውን በተመለከተ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል ብዬ ልለፈው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ካርታው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ የምንቆጥረው በራሳችን። ጠዋት 2 ሰዓት ከፍቶ ማታ 1 ሰዓት የሚዘጋ ባለሱቅ ቅጹ ላይ እንደሚናገረው 2 እና 1 ብሎ ቢሞላ፣ ጎግል የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንደሚዘጋ ነው። በቀን 23 ሰዓት ክፍት የሆነ ሱቅ! ከሌሊቱ 7 እስከ 8 ብቻ ጥቂት ያርፋል። እንግዳው “አሁን ክፍት ነው” የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አይቶ ማታ 3 ሰዓት ይመጣና የተዘጋ የቆርቆሮ በር ያንኳኳል። ከዚያ ንዴቱን በአንድ ኮከብ ይወጣል። ትክክለኛው 8 እና 19 ነበር፤ ስድስት መደመር ነው፣ ለማታው ደግሞ በላዩ ላይ አሥራ ሁለት። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለቅናሹ የሚሞላው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ከጽሑፉ ውስጥ ግን የእኛን መጻፍ ማንም አይከለክልም።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚከብደው ጾሙ ነው። ለንደን ያለ ምግብ ቤት በዓመት ገናንና ሁለት ሦስት በዓል “ልዩ ሰዓት” በሚለው ሣጥን ሞልቶ ያርፋል። ወሎ ውስጥ ይህ ሣጥን ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ረቡዕና ዓርብ አይሸጥም፤ በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን በሩን ይዘጋል። የሙስሊሙ ምግብ ቤት በረመዳን ቀን ይዘጋና ለማፍጠሪያ ይከፍታል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። ሁለቱም ሃይማኖት ጎን ለጎን በሚኖርበት ከተማ፣ የዚያን ሰሞን እንግዳ ምሳ የት እንደሚበላ መጠየቁ አይቀርም። “በጾሙ ወራት የጾም በያይነት ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት አለ” የምትል አንዲት ልጥፍ ዓመቱን ሙሉ ከተለጠፈው የቡፌ ፎቶ ትበልጣለች። እስካሁን የትኛውም ምግብ ቤት ሲጽፋት አላየሁም።

ቦታውስ? በትንንሽ ከተሞቻችን ሰው የሚነገረው በመንገድ ስም አይደለም፤ “ከመናኸሪያው ፊት ለፊት”፣ “ከቴሌው ጀርባ” ነው፣ መናኸሪያው ቢዛወርም “ከድሮው መናኸሪያ”። አሁን ደግሞ “ሎኬሽን ላክልኝ” ተጨምሯል። ጎግል ያመጣው ፕላስ ኮድ የሚባል ነገር አለ፤ ምድሪቱን ወደ 14 ሜትር በ14 ሜትር ከፋፍሎ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ ስም ሰጥቷታል። ስም የሌለው መንገድ ላይ ያለ ወፍጮ ቤትም ኮድ አለው። ሆኖም ከኮዱ ቀጥሎ በልጥፉ ውስጥ “ከመናኸሪያው 100 ሜትር ዝቅ ብሎ” የሚል ቢታከልበት መልካም ነው፤ ባትሪው ያለቀበት ሰው ኮድ ይዞ መንገደኛ ሊጠይቅ አይችልም።

ባለቤትነቱን ማረጋገጥ ድሮ በፖስታ በሚላክ ካርድ ነበር፤ ፖስታ በሣጥን ቁጥር በሚላክበት አገር ይህ ለብዙ ነጋዴ ከንቱ ነበር። አሁን በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። ሳያቋርጡ ይቀርጻሉ፦ ጎዳናውን፣ ከጎን ያሉትን ቤቶች፣ ታፔላውን፤ ከዚያ ቁልፉን ከኪስ አውጥተው በሩን ከፍተው ይገባሉ። ቁልፉ ነው ምስክሩ። ታፔላው ላይ ያለው ስምና ገጹ ላይ የተጻፈው ካልተመሳሰሉ ግን ጣጣ ነው፤ የእኛ ነገር ደግሞ “ሥጋ ቤት” ይሁን “ስጋ ቤት” ገና አልተስማማንም። ወረኢሉ ራሷ አንዳንዱ ጋ አንድ ቃል ናት፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት፤ በላቲን ፊደል ሲጽፏትማ እንደ ጸሐፊው ነው። ስሟን በሁለቱም ፊደል፣ በተለመዱት አጻጻፎች ልጥፉ ውስጥ ማስገባት አይጎዳም። ልጥፍ ብቻውን ከላይ ያወጣል ለሚሉ ግን፣ ጎግል ራሱ ደረጃ የምሰጠው በተዛማጅነት፣ በርቀትና በታዋቂነት ነው ይላል።

አንዳንዴ ደግሞ ገጹን ማደስ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ገጾቹ እንደነበሩ ቆሙ። ባለቤቱ ሊነካቸው አልቻለም፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ግን ይከፍታቸው ነበር። ውስጣቸው ያለው ስልክ፣ ሰዓት፣ ዋጋ ሁሉ የዚያን ሰሞን እንደሆነ ቀረ። ኢንተርኔቱ በተመለሰበት ሁሉ ዋጋው ሌላ ነበር።

የሆቴሉ ልጅ ያን ማታ ፎቶውን አሁኑኑ እናንሣው አለ። ገጿን የከፈተው ከእሱ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው፤ ኢሜይሉም የዚያ ሰው፣ ሰውየውም ሪያድ። በኢሞ ደወለለት። ሰላምታው ረዘመ፤ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተጠየቀ። የማረጋገጫው ኮድ ሪያድ ያለው ስልክ ላይ ገባና ሰውየው ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበ። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ባገኘው ደረሰኝ ጀርባ ጻፋቸው። ገባ። የመስቀሉን ፖስተር አጠፋ፣ ስልኩን ቀየረ። ከዚያ፣ “ለጥምቀት ቅናሽ እንድናደርግ ባለቤቱ ተናግሮ ነበር” አለና የቅናሹን ቅጽ ከፈተ። መጀመሪያውን ቀን ዛሬን አለው። ማብቂያው ላይ ጣቱ ቆመ።

“ጋሼ፣ ጥር 12 በነሱ ስንት ነው?”

እኔም በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።